ከኮረብታ በታች የለም

ለሦስት ወር በሙከራ የተቀጠርኩበት ቡና ቤት ውስጥ ትንሽ የሚባል ነገር የለም። ቡና ቤቱ በየከተማው ቅርንጫፍ አለው። በየቅርንጫፉም ትንሹ ኩባያ ኮረብታ፣ መካከለኛው ተራራ፣ ትልቁ ደግሞ ሰማይ ይባላል። በሥልጠናው የመጀመሪያ ቀን ተቆጣጣሪያችን ሦስቱን ኩባያ ፊታችን ደርድራ፣ «ማንም ሰው ትንሽ ነገር ይዞ መውጣት አይፈልግም» አለችን። እኛ በድብቅ «ፈገግታ» እንላታለን። ከኋላችን ባለፈች ቁጥር የምትናገረው ይህችን ቃል ብቻ ስለሆነ ነው።

ደንበኛው ትንሽ ካለ፣ «ኮረብታ ማለትህ ነው?» ብለን እናርመዋለን። ስሙን ጠይቀን ኩባያው ላይ እንጽፋለን። አንቱታ ክልክል ነው፤ ደንበኛ ጓደኛችን ነዋ። ቁጥርም ክልክል ነው። ኮረብታ ስንት ሚሊ ሊትር ይይዛል ብሎ የሚጠይቅ ከተገኘ፣ መልሱ መመሪያው ገጽ አሥራ አራት ላይ ተጽፏል፤ «ልክ የሚበቃህን ያህል።»

እኔ ደግሞ ያደግኩት ሁሉ ነገር በሚለካበት ቤት ነው። እኔንና እናቴን ቤታቸው አስጠግተው ያሳደጉኝ አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ አርባ ዓመት መድኃኒት ቀማሚ ነበሩ። እሳቸው ዘንድ «ትንሽ ስኳር ይጨመርልኝ» ያለ እንግዳ ስኳሩን ሳያገኝ ጥያቄ ይቀድመዋል፤ «ትንሽ ስንት ነው?» የሽሮፕ መለኪያ፣ ያቺ መስመር የተሰመረባት የፕላስቲክ ክዳን፣ ከኮታቸው ኪስ ተለይታ አታውቅም። ጡረታ በወጡ ማግስት ሐኪማቸው ልባቸውን አዳምጦ፣ «ቡና እንግዲህ በቀን ትንሽ ብቻ» ሲላቸው፣ ቁጥር እስኪናገር ድረስ ከወንበራቸው አልተነሡም። መቶ ሚሊ ሊትር ተባለ። ከዚያ ቀን ወዲህ መቶ ነው፤ መቶ አንድ ሆኖ አያውቅም።

በደም የመጣ ነገር አይለቅምና በሁለተኛው ሳምንት እኔም ለካሁ። ተራራና ሰማይ ውስጥ ያለው ቡናና ወተት እኩል ነው። ሰማይን ሰማይ የሚያደርገው አረፋ ነው። ይህን እንደ ግኝት ለፈገግታ ሄጄ ነገርኳት። በማግስቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ጥፋቱ «ቁጥር መናገር» ይላል። ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ካገኘሁ ቋሚነት ብሎ ነገር የለም። ይህን ሥራ ለማግኘት ስምንት ወር ዞሬያለሁ።

የሙከራው የመጨረሻ ቀን ስውር ደንበኛ ይመጣል ተባለ። ከዋናው መሥሪያ ቤት ይላካል፤ እንደማንኛውም ሰው ተሰልፎ ያዝዛል፣ ከዚያ ስለ እኛ ይጽፋል። ማን እንደሆነ ፈገግታ እንኳ አታውቅም። «ዛሬ ሁሉም ሰው እሱ ነው» ብላ ከትከሻዬ ኋላ ቆመች።

አራት ሰዓት ላይ አጎቴ ገቡ። የመጨረሻ ቀኔ መሆኑን እናቴ ነግራቸው፣ ሊያበረታቱኝ የክት ኮታቸውን ለብሰው ነው የመጡት። ተራቸውን ጠብቀው ፊቴ ቆሙ።

«እንዴት ነሽ ልጄ። ትንሽ ቡና በወተት።»

ፈገግታ ጀርባዬ ላይ ስትተነፍስ ይሰማኛል።

«ኮረብታ ማለትህ ነው?» አልኳቸው።

በሃያ ሦስት ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አልኳቸው። ሌላ ሰው ያናገርኩ መስሏቸው ወደ ኋላቸው ዞር ብለው አዩ። ከኋላቸው ላፕቶፕ ያቀፈች ሴት ብቻ ነበረች።

«ኮረብታ ስንት ይይዛል?»

«ልክ የሚበቃህን ያህል።»

«የሚበቃኝን ታውቂው የለ እንዴ? መቶ ነው።»

የኮረብታ ኩባያ አነሣሁ።

«ከኮረብታ በታችስ?»

«ከኮረብታ በታች የለም።»

«ሜዳ የላችሁም?»

ላፕቶፕ ያቀፈችው ሴት ሳቀች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም፤ ፊቴ ላይ የነበረው የመመሪያው ፈገግታ ስለሆነ ለሌላ ቦታ አልነበረውም። አጎቴ ከትከሻዬ ኋላ የቆመችውን ፈገግታን አዩ፣ ኩባያው ላይ የደቀንኩትን እስክሪብቶ አዩ። ነገሩ ገባቸው።

«እንግዲያው ሰማይ ስጪኝ» አሉ ከራሴ በላይ ያለውን የዋጋ ሰሌዳ አይተው፣ በትሕትና።

«ስምህ ማን ይባላል?»

ቀበሌ መስኮት ላይ እንደቆመ ሰው፣ ስማቸውን ከነአባታቸው ቀስ ብለው ነገሩኝ። ጻፍኩ። ማሽኑ ጋ ያለው ባልደረባዬም ያንን ስም፣ አቶ የለ ጋሼ የለ፣ ኳስ የሚያቀብል ልጅ እንደሚጠራ ጮኾ ጠራው።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ሰውየው የያዙት ሰማይ፣ የተፈቀደላቸው መቶ ነው። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ክዳናቸውን ከኪሳቸው አወጡ፤ ሃያ ሃያ እያሉ አምስት ጊዜ ቀድተው ጠጡ። አመል ነውና የቀረውንም፣ ጠርሙስ ውኃ ሲገዙ በተሰጣቸው ብርጭቆ ውስጥ እየገለበጡ ይለኩት ጀመር። ላፕቶፗን ከፍታ አጠገባቸው የተቀመጠችው ሴት ተራራ ነበር የያዘችው።

«አባባ፣ የእኔንም ይለኩልኝ እስቲ፤ ገና አልቀመስኩትም» አለቻቸው።

ለኩላት። አረፋው እስኪከስም በትዕግሥት ጠበቁ። «ሦስት መቶ» አሉ። ከዚያ የራሳቸውን ደመሩ። «ሦስት መቶ።» የጎረቤት ጠረጴዛ ዞረ። አንድ ወጣት ሰማዩን ተሸክሞ መጣ። ቀጥሎ ሁለት ተማሪዎች። ጡረታ የወጣው መድኃኒት ቤት እንደገና ተከፈተ፤ ሰልፉ ከእኔ ሰልፍ ረዘመ።

ፈገግታ ፈገግታዋን ሳታወልቅ ጆሮዬ ሥር መጣች። «ያንን ሽማግሌ ታውቂዋለሽ? መለካት ያስተማረሽ እሱ ነው?»

ቤቱ በዚያች ቅጽበት ለምን ጸጥ እንዳለ አላውቅም።

«አላውቀውም» አልኩ።

አጎቴ እየቀዱ ነበር። አርባ ዓመት ያልዘነፈ እጃቸው አንድ ጠብታ ጠረጴዛው ላይ ጣለ። በመሐረባቸው ጠረጉት። ክዳኗን አጥበው፣ አድርቀው፣ ኪሳቸው ከተቱ። ለተሰለፉት ሰዎች «እኩል ነው» አሉና ወጡ። ወደ እኔ አላዩም።

ከሰዓት በኋላ የስውር ደንበኛው ሪፖርት ደረሰ። ባለ ላፕቶፗ ሴት ነበረች። «ሠራተኛዋ ከባድ ጫና ቢደርስባትም ቁጥር አልተናገረችም» ብላ ከአሥር አሥር ሰጥታኛለች። በአስተያየት መስጫው ሥር ደግሞ አንድ ሐሳብ ጨምራለች፤ ከኮረብታ ያነሰ፣ ዋጋው ግን ከኮረብታ የሚበልጥ፣ ለልባቸው ለሚጠነቀቁ ደንበኞች የሚሆን ኩባያ ቢታሰብበት። ስሙም ሜዳ ቢባል።

ቋሚ ሆንኩ። ፈገግታ አቀፈችኝ።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ውሉን አጎቴ ፊት አስቀመጥኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከመጀመሪያው ቃል እስከ ማኅተሙ አነበቡት። «በርቺ» አሉ። እንደ ሁልጊዜው ሻዬን ለክተው ቀዱልኝ፤ ብርጭቆውን ግን አላቀበሉኝም። ከመሳቢያው የድሮ የመድኃኒት ጠርሙስ መለጠፊያ አወጡና እስክሪብቷቸውን ከፈቱ።

«ስምሽ ማን ይባላል?» አሉኝ።

ፊታቸው ላይ ቀልድ ፈለግኩ፤ የለም። ስሜን ከነአባቴ ነገርኳቸው። ብርጭቆዬ ላይ ለጥፈው ጻፉት፤ ከሥሩም፦ ሁለት መቶ ሚሊ ሊትር።