ለደከመ ዓይን የሚሆን መነጽር

ዓይኗ ደክሟል አሉ። ፊት ለፊት ቢነግሩኝ ባልከፋኝ። እኔ ጓሮ ልብስ ሳሰጣ፣ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ወንበሬ ላይ ተቀምጠው፣ ልጄና ሚስቱና ልጃቸው ተማክረው ጨረሱ። ስገባ ሦስቱም ጸጥ። ሰው ሲያማኝ እንደቆየ ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልገኝም፤ ጸጥታው ራሱ ይሸታል።

«እማዬ፣ የሩቅ ማያ መነጽር ልንገዛልሽ ነው» አለኝ ልጄ፣ ስጦታ የሚሰጥ ሰው ፊት አብጅቶ።

«ማን ጠየቀህ?»

«ባለፈው አደን ላይ እኮ ቦታ ተሳስተሽ ጠራሽ። ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረጋል።»

ዕድሜ ነው! ደሜ ፈላ። ምራቴ ወለሉን ማየት ጀመረች። የልጅ ልጄ ደግሞ መጥታ አንገቴን አቀፈችኝ፤ ይሄ ከስድቡ በላይ አናደደኝ።

ሥራችን የዱር አሳማ አደን ነው። አሳማ በቆሎና ድንቻቸውን ሲገለብጥባቸው ገበሬዎች ይጠሩናል፤ ፈቃድ አለን፣ እንጀራችን ነው። የልጅ ልጄ ከጎረምሶች ጋር ከታች ጥሻውን እየደበደበች አሳማዎቹን ታስነሳለች። ቁንጫ ነው የምንላት፤ ይኸው ለአቅመ ሔዋን ደርሳም መሄድ አታውቅም፣ ትዘላለች። ልጄ ገላጣው ላይ ጠመንጃውን ይዞ ይጠብቃል። እኔ ከላይ ከድንጋዩ ላይ ሆኜ በእጅ ሬዲዮ ቦታ እጠራለታለሁ። «ከግንዱ በስተግራ፣ ትልቁ፣ ከኋላው ሰው የለም» እላለሁ፤ ያኔ ይተኩሳል። እኔ ቦታ ሳልጠራ ጥይት አይወጣም። ደንቡን ያወጣው ሟቹ ባለቤቴ ነው፤ ለእሱም ቦታ የምጠራለት እኔ ነበርኩ።

ባለፈው ግን ጥይት ወጣ። እኔ ያልኩት «በስተቀኝህ እየመጡ ነው፣ ቆይ» ነው። አሳማዎቹ በቀኙ በኩል ሱሪውን ሊልሱት ምንም ሳይቀራቸው አለፉ፤ እሱ እንደ ምሰሶ ተገትሮ አሳለፋቸው። ካለፉ በኋላ ድንገት ዞረና ወደ ጥሻው ተኮሰ። አንድም አሳማ አልወደቀም። ቤት ስንገባ «እማዬ ጠርታልኝ ነው» አለ። አልጠራሁም ብዬ ጮኼ ነበር። ማን ሰምቶኝ! የሰባ ምናምን ዓመት አሮጊትና ጠመንጃ የያዘ ወንድ ሲጣሉ ሰው ማንን እንደሚያምን ታውቃላችሁ።

መነጽር እንግዛልሽ ባሉኝ ማግስት ትልቅ አደን ነበረብን፤ አንድ ሙሉ ሸለቆ። ስለዚህ መነጽሩ ዛሬውኑ መገዛት አለበት ተባለ፤ ልጄና እኔ ከተማ ወረድን። ሱቁ ፎቅ ላይ ነው፤ ካሜራና መነጽር ይሸጣል፣ በሰፊው መስኮቱ መንገዱ ወለል ብሎ ይታያል። ሻጩ ጺሙን አበጥሮ የሚውል ልጅ ነው። እኔን እንደ ኮት መስቀያ አልፎኝ ልጄን «ምን ልታዘዝ፣ ጋሼ?» አለው። ከዚያ ለእኔ ወንበር ጠቆመኝ።

«እማማ፣ እዚያ አረፍ ይበሉ።»

«አልደከመኝም። መነጽሩ የእኔ ነው።»

«ኦ፣ የእርስዎ ነው? ለንባብ?»

«ለአሳማ።»

ልጁ ልጄን አየው። ልጄ ትከሻውን ነቀነቀ። እኔ እጄን ዘርግቼ፣ «በል አምጣ» አልኩት።

መጀመሪያ ያመጣው ሃያ እጥፍ የሚያቀርብ ነው። ልጄ ገና ሳያየው «ይሄ ነው! ይሄ ይሻላል!» አለ። መስኮቱ ጋ ሄጄ ዓይኔ ላይ ደገንኩት። ከመንገዱ ማዶ መሰላል ላይ የቆመ ቀለም ቀቢ ነበር፤ ዘሎ ፊቴ ላይ መጣ። አፍንጫው ላይ የተፈናጠረው ነጭ ቀለም ሳይቀር ታየኝ። ግን ሰውየው ይወዛወዛል።

«ይሄ ሰውዬ ሰክሮ ነው እንዴ መሰላል ላይ የወጣው?»

«እሱ አይደለም እማማ፣ የእርስዎ እጅ ነው።»

«እጄ ምን ሆነ?!»

«የማንም እጅ ነው፣ የእኔም እንደዚያው። ሃያ እጥፍ ሲያቀርብ የእጅን መንቀጥቀጥም ሃያ እጥፍ ያደርገዋል። መቆሚያ ይፈልጋል። መቆሚያው ደግሞ ለብቻው ነው የሚሸጠው።»

እጃችን እንዳጠረ ነገርኩት፤ ልታለብ የመጣሁ ላም እንዳልሆንኩም ጨመርኩለት። ሳቀ። ከዚያ ወዲህ እኔን እያየ ማውራት ጀመረ።

«እንግዲያው በዚህ ዋጋ ሁሉንም አያገኙም። ወይ ብዙ የሚያቀርብ፣ ወይ መስታወቱ ጥሩ የሆነ። መቼ መቼ ነው የሚያዩበት?»

«አሳማ በጠራራ ፀሐይ አይወጣም። ሊመሻሽ ሲል ነው።»

«ታዲያ ሃያውን ይተዉት፤ የፊት መስታወቱ ትንሽ ስለሆነ ሲመሽ ይጨልምብዎታል። አንድ ያገለገለ አለኝ። አሥራ ሁለት እጥፍ ነው፣ የፊት መስታወቱ ሰፊ ነው፤ ብርሃን ያስገባል።»

ያገለገለውን አመጣው። ጥቁር ነው፣ ጠርዙ ተልጧል፣ ከበድ ይላል። ክርኔን የመስኮቱ ደፍ ላይ አስደግፌ አየሁበት። ቀለም ቀቢው ቀጥ ብሎ ቆመልኝ። ከሱ አልፌ ጥላ ያጠላበት መተላለፊያ ውስጥ አንዲት ሴት ቦርሳዋን ስትበረብር አየሁ፤ ጨለማው ውስጥ ጣቶቿ ይለያሉ። ልቤ ወደደው።

«ይሄ ነው የእኔ።»

«የለም፣ ሃያው ነው» አለ ልጄ። ግንባሩ አልቦታል።

«የሚገዛው ለማን ነው?»

«እኔም አልፎ አልፎ አይበታለሁ። ትልቅ አድርጎ የሚያሳየው ነው የሚሻለው። አታካብጂ፣ እማዬ።»

«እሺ ያዝና እየው» አልኩት። ሻጩ ግን ቀደመኝ። ታማኝ ልጅ ነው፤ መነጽሩ ላይ ያለውን ጉድለት ሊያሳየን ፈለገ። መስታወቶቹን በጨርቅ ወልውሎ ሁለቱን የጎማ ክዳኖች ደፈነባቸው፤ ከዚያ የግራውን ብቻ ከፍቶ ጠርዙ ላይ ያለችውን ጭረት አሳየን። ለእይታ አትረብሽም አለ። ከዚያ እንደያዘው ለልጄ አቀበለው።

«ለራስዎ ዓይን ያስተካክሉት፣ ጋሼ። መጀመሪያ ቀኙን ጨፍነው በግራው እያዩ መሐል ያለውን ያዙሩ። ከዚያ ግራውን ይጨፍኑና በቀኙ ብቻ እያዩ ይቺን ቀለበት ጥርት እስኪልልዎ ያዟዙሯት።»

ልጄ ወደ መስኮቱ ዞረ። መሐለኛውን አዟዟረ። ከዚያ ቀለበቷን ያዘ፤ ቀስ አድርጎ ወደዚህ፣ ቀስ አድርጎ ወደዚያ። አሠራሩን ላየው ባለሙያ ነው።

«ቀኙስ እንዴት ነው?» አለ ሻጩ።

«ጥርት ብሏል። ቀለም ቀቢው ብሩሹን እየነከረ ነው።»

ሻጩ በሳቅ ፈረሰ። «ጋሼ፣ ቀልደኛ ነዎት እኮ! የቀኙ ክዳን አልተነሳም!»

እኔም ሳቅሁ። ጥቁሩ የጎማ ክዳን በቀኙ መስታወት ላይ ድፍን እንዳለ ነው፤ በዚያ በኩል እንኳን ቀለም ቀቢ ፀሐይም አይታይ። አሾፈብን ብዬ ጀርባውን ልመታው እጄን አነሳሁ። እሱ ግን አልሳቀም። መነጽሩን ዝቅ አድርጎ ክዳኑን በጣቱ ሲዳስስ አየሁት። ደሙ ከፊቱ ላይ ሸሸ። ያነሳሁት እጄ አየር ላይ ቀረ።

«ወደ እኔ ዙር» አልኩት።

«እማዬ፣ እየቀለድኩ እኮ ነው...»

«ዙር አልኩህ!»

በመዳፌ ግራ ዓይኑን ከደንኩት። የተከፈተው ቀኙ ነው፤ ፊቴ ላይ ያፈጣል። የወለድኩት ዓይን ነው፣ ቀለሙ የአባቱ ነው፤ ምንም የጎደለው አይመስልም።

«ስንት ጣት ነው?»

ዓይኑን ጠበብ አደረገ።

«ስንት ነው?!»

«ሁለት።»

ሌላው እጄ ከጀርባዬ ነበር።

እኔ ቅድም እምቢ ያልኩት ወንበር ላይ ዘፍ አልኩ። ልጄ ፊቴ ቁጭ አለ፤ ወለሉ ላይ፣ እንደ ሕፃን።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«መጀመሪያ ጭጋግ ነበር። ይገፋል ብዬ ነበር፣ እማዬ። ከዚያ አንድ ጧት ስነሳ የለም።»

«ሐኪም ጋስ?»

«ሐኪም ካየው ፈቃዴን አያድሱልኝማ። ምን ልንበላ ነው? በግራ መተኮስ እየተለማመድኩ ነበር። መነጽሩ ትልቅ አድርጎ ካሳየኝ ደግሞ፣ ከመተኮሴ በፊት አይቼበት...»

ሌላም ነገር ይላል፤ እኔ አልሰማውም። በስተቀኝህ እየመጡ ነው ስለው እንደ ምሰሶ የቆመው ስላላየ ነው። የተኮሰውም አይቶ ሳይሆን ሰምቶ ነው፤ ጥሻው በቀኙ ሲንኮሻኮሽ። ከዚያ ጥሻ ውስጥ ደግሞ የወጣችው ማን ነበረች? ቁንጫ ነበረች! ጸጉሯ ላይ የእንጨት ልጣጭ ተሰክቶ፣ «ግንዱ ፊቴ ላይ ፈነዳብኝ» እያለች፣ ስትስቅ። ልጣጩን አንድ በአንድ የለቀምኩላት እኔ ነኝ። የአባቷ ጥይት ነው የፈነዳው። በዚህ ጎን። በዚህ በሌለ ዓይን በኩል።

«ልጅህን ልትገድላት ነበር» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ?! እያወቅህ ነው ነገ ልትወጣ የነበረው? እያወቅህ ነው የእናትህን ዓይን ደክሟል ብለህ ቤተሰብ ሰብስበህ ያስፈረድክባት?»

ፊቱን በእጁ ሸፈነ። አለቀሰ። አላሳዘነኝም ብል እዋሻለሁ፤ ግን እጄን አልዘረጋሁለትም። ሻጩ ቀስ ብሎ ውሃ አመጣና ማንኛችን ጋ እንደሚያስቀምጠው ጠፍቶት እንደያዘው ቆመ።

«እማዬ፣ ቤት ስንገባ እነግራቸዋለሁ። አረጋግቼ፣ በዘዴ...»

«ቤት ስንገባ ምራቴ ትጮሃለች፣ አንተ ትለሳለሳለህ፣ የነገዋን ብቻ ልውጣ ትላለህ፣ እኔም እናት ነኝና ልሸነፍልህ እችላለሁ። አይሆንም። ስልክህን አውጣ።»

«ለማን?»

«ለልጅህ ነዋ! ጥሻው ውስጥ የምትገባው እሷ ናት። የጠፋው ዓይን የማን እንደሆነ፣ እኔ እንዳልጠራሁ፣ ግንዱ ላይ የፈነዳው የማን ጥይት እንደነበረ በገዛ አፍህ ንገራት። እዚሁ፣ እኔ እየሰማሁ፣ ይሄም ልጅ እየሰማ። አታልቅስብኝ፤ ደውል!»