የሃያኛው ሰዓት ዘይት

አዲሱ ጀልባ ሃያ ሰዓት ሠርቷል። የመመሪያው መጽሐፍ የመጀመሪያው ዘይት በሃያ ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ በየመቶ ሰዓቱ ይቀየር ይላል። ፈርገስ መጽሐፉን አልገለጠውም። በአርባ ዓመት ውስጥ ሦስት ጀልባ በገዛ እጁ እየፈታ እየገጠመ ኖሯል፤ የሞተርን ነገር ከወረቀት የሚማር ሰው አይታመንም ይል ነበር። ያነበበችው ሚስቱ ኢስላ ናት። ሁለት ጊዜ አንብባዋለች።

ቤታቸውና በጎቻቸው ከራካያ ወንዝ ማዶ ናቸው። ወንዙ አንድ ሆኖ አይወርድም፤ በሰፊው የጠጠር ሜዳ ላይ እንደ ሹሩባ ተከፋፍሎ ይፈሳል፤ በየጎርፉም ጉንጉኑን ይለውጣል። ውኃው ቁርጭምጭሚት በማይሸፍንበት ቦታ የሚያልፈው ይህ ዓይነቱ ጀልባ ብቻ ነው። ከሆዱ ውኃ ስቦ በስተኋላው ይተፋል እንጂ ከሥሩ ወደ ውኃው የሚወርድ ተሽከርካሪ ክንፍ የለውም። ዱቄቱም፣ ፖስታውም፣ ሐኪሙም የሚመጡት በእርሱ ነው።

የፈርገስ እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሁለት ክረምት ሆኖታል። በመጀመሪያ የሻይ ስኒ፣ ቀጥሎ የሸሚዝ ቁልፍ፣ በመጨረሻ ብሎን አስቸገረው። ልጃቸው ሮና ባለፈው ወር በስልክ ያለችው አጭር ነበር። «ጀልባውን የሚይዝ ሰው ካለ እዚያው ኑሩ። ከሌለ ከክረምቱ በፊት ከተማ ትገባላችሁ። የአባዬ እጅ ሞተር ውስጥ እንዲገባ አልፈልግም።» የከተማው ባለሙያ ጀልባውን ለሦስት ሳምንት እንደሚያስቀረው ነግሯቸዋል። ሦስት ሳምንት ያለ መንገድ መቀመጥ ማለት ነው። ሮና ራሷ ልታይ እሑድ ትመጣለች። ዕለቱ ዓርብ ነበር።

ጀልባውን ከአኻያው ሥር፣ ውኃው ጥልቅ በሆነበት ቦታ አሰሩት። ዳር ላይ ሞተር ያስነሳ ሰው ሞተሩን ጠጠር ያስውጠዋል። ኢስላ ዘይቱ እንዲቀጥን ሞተሩን ለዐሥር ደቂቃ አሞቀችና አጠፋችው። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች።

«ሕጉን ታውቃለህ።»

«የትኛውን?»

«የወንዙን። መሪ የያዘ ይናገራል፤ ሌላው አፉን ይይዛል።»

የወንዙ ሰው ሁሉ የሚያከብረው ሕግ ነው። በስስ ውኃ ላይ ፍጥነት የቀነሰ ጀልባ ጠጠር ላይ ይቀመጣል፤ ለማመንታት ጊዜ ስለሌለ፣ ነጂው ሲወስን አጠገቡ ያለው ሰው ትንፍሽ አይልም። ኢስላ አርባ ዓመት አጠገቡ ተቀምጣለች።

«አንቺ የያዝሽው መሪ አይደለም» አለ ፈርገስ።

«ዛሬ መሪው ይኼ ነው» አለችና የዘይት ማጣሪያውን፣ የፊልትሮውን፣ መፍቻ አሳየችው።

ፈርገስ ከኋላው መቀመጫ ላይ ተቀመጠ። እጆቹን ከጭኖቹ ሥር ከተታቸው።

ኢስላ መጀመሪያ ከጀልባው ወለል ውኃ የሚያወጣውን ፓምፕ አጠፋች፤ ዘይት ቢፈስ ወደ ወንዙ እንዳይሄድ ነው። ከሞተሩ ሥር የበግ ጸጉር አነጠፈች። ገዢ የማይፈልገው፣ የቆሸሸው የሆድ ጸጉር ዘይት ሲጠጣ የሚተካከለው የለም። የመለኪያውን ዘንግ አውጥታ በቦታው ቀጭን ቱቦ ሰደደች፤ አሮጌውንም ዘይት በእጅ ፓምፕ እየሳበች ወደ ጀሪካን ቀዳችው። ከዚያ ፊልትሮውን ያዘች። አልነቃነቅ አለ።

«ማነው እንዲህ ያጠበቀው?»

«ፋብሪካ ነው።»

«ዝም በል አላልኩህም?»

«ጠየቅሽኝ እኮ።»

«የጠየቅሁት ፊልትሮውን ነው።»

እግሯን ከጀልባው ጎን አስደግፋ ስትስብ ተፈታ። ጥቂት ዘይት ጸጉሩ ላይ ተንጠባጠበ። አሮጌውን ፊልትሮ ሳታየው ጀሪካኑ አጠገብ አስቀመጠችው።

ፈርገስ ግን አየው። የፊልትሮው ከንፈር ባዶ ነበር። በዙሪያው መኖር የነበረበት የጎማ ቀለበት አብሮት አልወጣም፤ ከሞተሩ ገላ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። ኢስላ ከተንበረከከችበት አይታያትም። ከእርሱ መቀመጫ ግን ጥቁሩ ክብ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በአሮጌው ቀለበት ላይ አዲስ ቀለበት ሲደረብ ለጊዜው የያዘ ይመስላል፤ ግፊት ሲመጣ ግን አይችልም።

አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው።

ኢስላ በጣቷ ጫፍ አዲሱን ቀለበት ዘይት ቀባችው። ፊልትሮውን በእጇ አጠበቀች፤ መጽሐፉ እንዳለውም ቀለበቱ ሞተሩን ከነካ በኋላ ሦስት አራተኛ ዙር ጨመረች። ዘይቱን ለክታ ሞላች። የሠራችው ሁሉ ትክክል ነበር። ከዚያ ሞተሩን አስነሳች።

የግፊቱ መለኪያ ወጣ፣ ቆመ፣ መውረድ ጀመረ።

«አጥፊው» አለ ፈርገስ። እጇ ቀድሞ አጥፍቶታል።

የተነጠፈው ጸጉር በዘይት ጠቁሯል። ኢስላ ከፊልትሮው ሥር እጇን ሰድዳ አወጣችው፤ እስከ አንጓዋ ዘይት ነበር። አሮጌውን ፊልትሮ አነሳችና ባዶ ከንፈሩን አየች። ከዚያ ባሏን አየች።

«አይተኸዋል?»

«አይቻለሁ።»

«መቼ?»

«ስትፈቺው።»

እጇን በጨርቅ ጠረገች፤ ጣት በጣት።

«ሞተሩ ተጎዳ?»

«አልተጎዳም። ግፊቱ ከማለቁ በፊት አጥፍተሻል።»

«የመጀመሪያው ጀልባ ሆዱ የተቀደደ ቀን» አለች፣ «ድንጋዩን አይቼው ነበር።»

ያን ቀን ሮና የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ውኃው ጉልበቷ ደርሶ ነበር። እስኪመሽ በእግራቸው ሄደዋል። ፈርገስ ድንጋዩ ማንም ሳያየው ከውኃው ውስጥ ብድግ አለ እያለ በየዓመቱ ለበግ ሸላቾች በእራት ላይ ሲያወራው ኖሯል። እርሷም ሥጋውን እያቀረበች ስትሰማው ኖራለች።

«ምን ያህል ቀደም ብለሽ?»

«እስከ ዐሥር ለመቁጠር ያህል።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

«መሪው ያንተ ነበር።»

አንድ የውኃ ወፍ ከጠጠሩ ተነሥቶ ወደ ማዶ በረረ። ኢስላ እንደገና ተንበረከከች።

«በል አሁን ንገረኝ» አለች።

ነገራት። ቀለበቱን በጥፍር አላቅቂው፤ ብረት አትንኪበት፤ መቀመጫውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጊው፤ የአዲሱ ቀለበት ጠርዝ አለመቆረጡን እዪ። ቀጠለና ስለ ሞተሩ ቀበቶ፣ አሸዋ ስለሚያጠራቅመው ወንፊት፣ ከኋላ የግራሶ ቅባት ስለሚገባበት ቀዳዳ፣ በሌላ ዘመን ስለነበረው ሌላ ሞተር ተናገረ።

«ንገረኝ ብልህ ታሪክ ጀመርክ» አለች ኢስላ። ግን ወንፊቱን ፈታችው፤ ግማሽ እፍኝ አሸዋ አወጣችበት።

የጎደለውን ዘይት ሞሉ። ሞተሩ ዐሥር ደቂቃ ሠራ። መለኪያው ወጥቶ ባለበት ጸና። ኢስላ ከፊልትሮው ሥር ጣቷን ሰደደች፤ ደረቅ ሆኖ ወጣ።

ማታ ሮና ደወለች። ኢስላ ድምፁ ለሁለቱም እንዲሰማ ስልኩን ገበታው ላይ አስቀመጠችው።

«እንዴት ሆነ?» አለች ሮና።

«በመጀመሪያው ፈሰሰ። በሁለተኛው ያዘ።»

«ለምን ፈሰሰ?»

«አሮጌው ቀለበት ቀርቶ ነበር። አላየሁትም።»

«አባዬስ? አባዬም አላየውም?»

ኢስላ ለእራት የበግ ሥጋ መቁረጥ ጀመረች። ፈርገስ ስልኩን በሁለት እጁ ወደ ራሱ አስጠጋው።

«አይቼዋለሁ» አለ። «ዝም አልኩ።»

«ለምን?»

«ሕጉን አክብሬ ነው ልልሽ እችላለሁ።» የኢስላን ቢላ አየ። «እናትሽ እንድትሳሳት ፈልጌ ይመስለኛል። ያለ እኔ እንዳይሆንላት።»

ቢላው ቆመ።

«እማዬ ሰማችህ?» አለች ሮና።

«እዚሁ ናት።»

«እማዬ፣ አንቺ ምን ትያለሽ? ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር እዚያ ክረምቱን ልትከርሚ ነው?»

ኢስላ ከሥጋው አንድ ቁራጭ አንስታ በፈርገስ ሳሕን ላይ አደረገች። በትንንሹ ቆርጣዋለች፤ ሹካ እንዲይዘው።

«በዚህ አካሄድ መቶው ሰዓት ሐምሌ ላይ ይሞላል» አለች። «ዘይትና ፊልትሮ ይዘሽልን ነይ። ፊልትሮ ሁለት አድርጊው።»