ዝም ያለው ካምቢዮ

«ሬሳ ነው የምታጥበው!» አለ ሱሌማን። «ወላሂ ሬሳ ነው፣ አያ ሰዓድ! ለሬሳ ይኼን ያህል ይደከማል?»

«ሸራውን አትርገጥ አልኩህ።»

«አልረገጥሁም!»

«ልትረግጥ ነበር።»

ጋራዡ መሬት ላይ በተነጠፈው ሸራ ላይ፣ አባታቸው ሐጂ ኑሩ ትተውት የሞቱት የላንድሮቨር ሞተር ተፈትቶ ተደርድሯል፤ የማርሽ ሳጥኑ፣ ካምቢዮው፣ ገና ሳይከፈት አጠገቡ ተቀምጧል። ሰዓድ እያንዳንዱን ብሎን ከየት እንደወጣ እንዳይጠፋው በወጣበት ተራ ነበር ያስቀመጠው። ታናሽ ወንድሙ ሱሌማን ደባርቅ ገበያ ውስጥ የታወቀ ጨርቅ ነጋዴ ነው። ዕቃ ተጠቅልሎ ሲያይ ደስ ይለዋል፤ እንዲህ ተበታትኖ ሲያይ ግን ዳግም የሚሰበሰብ አይመስለውም።

«ጎንደር ደህና የቶዮታ ሞተር አግኝቻለሁ፤ ከነካምቢዮው። እሱን እንግጠምለትና ይብቃን። ልጄ ሰልማ ‹በአያቴ መኪና ካልሆነ አልዳርም› ብላለች። ሰርጉ ደረሰ። አዲ አርቃይ ድረስ ነው የምትሄድበት፤ ሊማሊሞ ዳገት መሀል ሙሽራ ይዞ እንዲቆም ነው የምትፈልገው?»

«የቶዮታ ሞተር ከገባበት የአያቷ መኪና አይደለማ።»

«ታዲያ የማን ነው?»

«የቶዮታ።»

በሩ አጠገብ ጎማ ላይ የተቀመጠው ክንዴ ሳቀ። ክንዴ የዳባት ሰው ነው። ዕድሜውን በከባድ መኪና ሹፍርና አሳልፎ ጡረታ ከወጣ ወዲህ፣ ሰዓድ ጋራዥ እየመጣ መተቸትን ሥራ አድርጎ ይዞታል።

«እኔ ግን ከሱሌማን ጋር ነኝ» አለ። «ይኼ ካምቢዮ ሐጂ እያሉም ያለቅስ ነበር። ሊማሊሞን ሲወጡ እኔ ዳባት ቁጭ ብዬ እሰማው ነበር።»

«ዳባት ድረስማ አይሰማም፤ ውሸታም!» አለው ሱሌማን።

«ነፋሱ ከሰጠ ይሰማል።»

ያን ድምፅ ከክንዴ ይልቅ ሰዓድ ያውቀዋል። መኪናው በሁለተኛ ማርሽ ዳገቱን ሲይዝ ቀጭን፣ ረጅም ጩኸት ያወጣ ነበር። ከተማው «የሐጂ ዋሽንት» ይለው ነበር። ዋሽንቱ ከገደሉ ሥር ሲሰማ ልጆቹ ወደ መንገድ ይሮጣሉ፤ እናታቸው እመት ነሲባ ሐጂ ለሶላት የሚታጠቡበትን የውዱእ ውሃ ማሞቅ ይጀምሩ ነበር። ሐጂ ኑሩ ሞተሩን ለሰዓድ አስተምረውታል፤ ካምቢዮውን ግን በሕይወት እስካሉ ድረስ ማንም እንዲከፍተው አልፈቀዱም። ሰዓድ ጎልምሶ፣ የአገሩ መኪና ሁሉ በእጁ ሲያልፍም «እሱን ተወው» ነበር መልሳቸው። እጄን አላመኑትም ብሎ ይኼን ለዓመታት በሆዱ ይዞታል።

«እንግዲያው እንዋዋል» አለው ሱሌማንን። «መኪናው ከገደሉ ሥር ዛሪማ ወርዶ ሊማሊሞን ሳይቆም ከወጣ የቶዮታን ነገር አታነሳብኝም። ከቆመ በገዛ እጄ ፈትቼ አወጣልሃለሁ።»

«ክንዴ ምስክር ነው?»

«ነኝ» አለ ክንዴ። «እንዲያውም ከኋላ ተሳፍሬ ነው የምመሰክረው።»

ሰዓድ ከዚያ ወዲያ ሌላ ሥራ አልተቀበለም። ሲሊንደሩን ጎንደር ወስዶ አስሞረደ፤ ፒስተኖቹን ቀየረ። ቫልቮቹን ግን ለማንም አልሰጠም። የእንጨት እጀታ አበጅቶ፣ የሞረድ ቅባት እየቀባ፣ በሁለት መዳፉ መሀል ሲያሽከረክራቸው ሰነበተ። ሲጨርስ ያሳልፉ እንደሆነ ለመፈተን በላያቸው ላምባ አፈሰሰና ተዋቸው። በማግሥቱ ክንዴ ጎንበስ ብሎ ከሥር በጣቱ ዳሰሰ፤ ላምባ ያልነካውን ጣቱን አሸተተና አንድም ትችት ሳይሰነዝር ወደ ጎማው ተመለሰ። ከክንዴ ዘንድ ይኼ ትልቅ ምስጋና ነው።

ካምቢዮውን ሲከፍት ግን ሰዓድ ጮኸ። «የትኛው ደንቆሮ ነው ይኼን ያጋባው?»

ከሁለተኛው ማርሽ ጥንድ አንደኛው ጥርሱ ተበልቶ አልቋል፤ ሌላኛው ገና ደህና ነው። ዕድሜያቸው አንድ አይደለም። ካምቢዮው ከዚያ በፊት ተከፍቷል ማለት ነው። የከፈተውም ሰው አንዱን ብቻ ቀይሮ አዲሱን ከአሮጌው ጋር አጋብቷቸዋል።

«ጥንድ እኮ አይነጣጠልም!» አለ ሰዓድ። «ወይ ሁለቱን ቀይር፣ ወይ ሁለቱን ተው። አብረው ያላረጁ ማርሾች ሲፋጩ ነው የሚኖሩት። ለካ ዋሽንቱ ይኼ ነው! ማን ይሆን አባታችንን ያታለላቸው?»

«አንዱ የጎንደር ጠጋኝ ይሆናላ» አለ ክንዴ። ሁለቱም ያን ጠጋኝ እስኪበቃቸው ረገሙት።

ሰዓድ አዲ አርቃይ ወረደ። እዚያ ዶሮ የሚያድርበት የተጣለ ላንድሮቨር እንዳለ ያውቃል፤ ባለቤቱን ለምኖ፣ ከመኪናው ሆድ ያልተነጣጠለ የሁለተኛ ማርሽ ጥንድ አውጥቶ ተመለሰ። ማርሾቹ የሚሽከረከሩባቸውን ኩሽኔታዎች ሁሉ በአዲስ ተካ። ገጠመ፤ ያልጣመውን ፈታና እንደገና ገጠመ።

መኪናው ከፊት በእጅ በሚዞረው ማኖቬላ ሲነሣ ጋራዡ በጭስ ተሞላ፤ ጭሱ ሲገለጥም ሞተሩ ልክ እንደ ሰው ትንፋሽ ረግቶ ይመታ ነበር። ሰዓድ ክንዴን አሳፍሮ ወደ ሱሌማን ቤት ነዳው። ደጁ ያለውን አጭር ዳገት ሆን ብሎ በሁለተኛ ማርሽ ወጣው። ምንም ጩኸት አልነበረም።

እመት ነሲባ በር ላይ ቆመዋል። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ጆሯቸው ግን ሙሉ ነው።

«የማን መኪና ነው?» አሉ።

«የአባታችን ነው፣ እማ» አለ ሰዓድ።

«አይደለም። የሐጂን መኪና እኔ አጣዋለሁ? ይኼ የሌላ ሰው ነው።»

ሱሌማን ቀስ ብሎ ወደ ወንድሙ ዞረ። «አያ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቀየርከው እንዴ? ደብቀህ ሌላ ካምቢዮ አስገባህበት? እኔን ልታሸንፍ?»

«ሬሳ ታጥባለህ» መባሉ ለሰዓድ ምንም አልነበረም፤ ይኼኛው ግን ፊቱን አገረጣው። በሙያው ሲኖር በድብቅ ዕቃ የለወጠበት መኪና የለም።

«ግቡ» አለ። «ሁላችሁም ግቡ። እማም ትግባ።»

እመት ነሲባ መሀል ተቀመጡ፤ ሱሌማን በበሩ በኩል ገባ፤ ክንዴ ከኋላ። ሊማሊሞን ወረዱ። ዛሪማ ላይ ሙቀቱ ተቀበላቸው። ሱሌማን ብቻ ወርዶ ለሁሉም ሻይ አመጣ፤ ሰዓድ የራሱን ሳይጠጣው መኪናውን አዞረ።

ዳገቱ ጠበቅ ሲል ፍሪሲዮን ረገጠ፣ ለቀቀ፣ ትንሽ ነዳጅ ሰጠ፣ ደግሞ ረገጠ። አሮጌ ካምቢዮ ካልተለመነ አይገባም። ሁለተኛው ማርሽ ያለ ኮሽታ ገባ። መኪናው ገደሉን ይዞ፣ እየተጠማዘዘ፣ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው መውጣት ጀመረ። የሙቀቱ መርፌ ትንሽ ከፍ አለና ባለበት ቀረ።

«እስካሁን ደህና ነው!» ብሎ ጮኸ ሱሌማን።

«ምን ያስጮህሃል?» አለው ክንዴ ከኋላ።

ሱሌማን ደነገጠ። በልጅነቱ እዚህ ዳገት ላይ ያልጮኸ ሰው አይሰማም ነበር። ጮኾ ማውራት ያስለመደው ያ ዋሽንት ነው። አሁን ዝምታው ውስጥ የሞተሩ ምት ብቻ አለ፤ ከሩቅ ደግሞ ገደሉ ላይ የሚንጫጩ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ይሰማሉ።

እመት ነሲባ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሲያዳምጡ ቆይተው፣ «ሞተሩስ የሱ ነው» አሉ። «ያ ጩኸት ሸፍኖት እንጂ ድሮም እንዲህ ነበር የሚመታው። አንተ ሰዓድ፣ ካምቢዮውን ስትከፍት ምን አገኘህ?»

«ያልተገጣጠሙ ማርሾች፣ እማ። አንዱ አዲስ፣ አንዱ አሮጌ። የሆነ ደንቆሮ ከፍቶት—»

አሮጊቷ ከት ብለው ሳቁ። ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ያዙ፤ ሳቁ ግን አልቆም አላቸው።

«አባትህ ናቸው!»

ሰዓድ መሪውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ፤ ጥምዝምዙ ላይ ነበሩ።

«አንተ ጡት ሳትጥል ነው። ማርሹ ተሰብሮባቸው ጓሮ ውስጥ ራሳቸው ፈቱት፤ ያገኙትን አንዱን ብቻ ከተቱበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይጮህ ጀመር። እናንተ ዋሽንት ትሉታላችሁ፤ እሳቸው ስንት ዓመት በኀፍረት ተቃጠሉበት! ደባርቅስ መግቢያው ዳገት ስለሆነ ጩኸቱን መደበቂያ አጡ፤ ዳባት ሲገቡ ግን ቁልቁለቱን ማርሽ አውጥተው ነበር የሚያልፉት፣ መካኒኮቹ እንዳይስቁባቸው። ‹ነሲባ፣ ዝም ባሰኘው ደስታዬ ነበር፤ ደግሜ ከከፈትኩት ግን የምገጥመው አይመስለኝም› ይሉኝ ነበር።»

«እኔን ለምን ከለከሉኝ ታዲያ?»

«ልጃቸው ከፍቶ ያን ጉድ እንዲያይባቸው? አንተስ ብትሆን ታሳይ ነበር?»

ክንዴ ከኋላ፣ «ለካ የረገምነው ጠጋኝ!» ብሎ መሳቅ ጀመረ። ሱሌማንም ተከተለው። ሰዓድ አልሳቀም። መንገዱን ለማየት ዓይኑን ደጋግሞ ማርገብገብ ነበረበት። አባቱ የፈሩትን ከፍቷል፤ ያልቻሉትን ዝም አሰኝቷል። የመጨረሻውን ጥግ ሲዞሩ ቀዝቃዛው የደጋ አየር በመስኮት ገባ፤ መኪናው አንዴም ሳይቆም ደባርቅን አየ።

ደጁ ላይ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ጠበቃቸው። ሱሌማን መኪናው ገና ሳይቆም ዘሎ ወርዶ፣ እንደቆመ የሞተሩን ኮፈን ከፈተ።

«ኑ እዩ! የራሱ ሞተር ነው! ካምቢዮውም የራሱ! አባታችንን ያቃታቸውን ነው ወንድሜ የሠራው! የቶዮታ ነገር የሚያነሳብኝ ሰው ካለ እንጣላለን!»

«እኔም ረድቻለሁ» አለ ክንዴ።

«በምን?»

«በትችት።»

ሰዓድ ካርቶን ፈልጎ አነጠፈና በጀርባው ከመኪናው ሥር ገባ። የካምቢዮውን ሆድ በመዳፉ ዳሰሰ፤ ሞቋል፤ አንዲት የዘይት ጠብታ እንኳ የለችበትም። በላዩ የሱሌማን ድምፅ ታሪኩን ከዛሪማ ጀምሮ ለሌላ ሰው ይተርካል። በመኪናው ዙሪያ የቆሙት ሰዎች እግር ብቻ ነበር የሚታየው። በእነሱ መሀል የእናቱ ጥቁር የላስቲክ ጫማና የምርኩዛቸው ጫፍ ከመኪናው ወረዱ፤ ከዚያ፣ ድሮ ሐጂ ሲመጡ ውሃ ሊያሞቁ ይገቡ እንደነበረው ሁሉ፣ የአጥሩን ጥግ ይዘው፣ በቀስታ፣ ወደ ግቢው በር አለፉ።