የጥጉ ገመድ

ሰፈሩ የወላጆቹን ስም ትቶ «ጋሽ አይጠፋም» ይለዋል፤ ምን ቢጠየቅ መልሱ «አይጠፋም» ስለሆነ። ሱቁ ከደጅ ሲታይ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስቆምም፤ ውስጡ ግን ማለቂያ የለውም። ምስማር በወተት ጣሳ፣ ማጠፊያ በብስኩት ቆርቆሮ፣ የፋኖስ ክርና የሸሚዝ ቁልፍ በአንድ መሳቢያ፣ የአይጥ ወጥመድ ከአሻንጉሊቶቹ ራስ በላይ። አንዷ ለአንድ እግር ብቻ የጫማ ማሰሪያ ብትጠይቀው ጥንዱን ለያይቶ ሸጠላት ይባላል። አስፋልቱ ዳር ባለመስታወቱ ትልቅ ሱቅ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ብሶበታል። «የለም» ማለት ለእሱ ሱቁን ከመዝጋት አይተናነስም።

ያን ቀን ጠዋት ጉድጓድ ጠራጊው መጣ፤ ፍልፈል የሚሉት።

«ጋሼ፣ የዳቦ ጋጋሪዋን ጉድጓድ ልጠርግ ነው። እኔን የሚሸከም ገመድ ይኖራል?»

«አይጠፋም።»

ጠፍቶ ነበር። መደርደሪያው ላይ የቀረው የልብስ ማስጫ ብቻ ነው። ሽማግሌው ጓዳ ገባና ከጥግ፣ ከመደርደሪያ ስር፣ አንድ ጥቅል የቃጫ ገመድ ጎትቶ አወጣ። አቧራውን አራገፈለት።

«የድሮ ነው። እንዲህ ያለ ዛሬ አይሠራም።»

«እኔም የድሮ ነኝ፤ እንግባባለን» ብሎ ፍልፈል ተሸክሞት ሄደ።

ረፋድ ላይ የሽማግሌው ሚስት ጓዳውን ልትጠርግ ገብታ ተጣራች። «ስማ፣ እዚህ ጥግ ምን ደፍተህ ነው? ወለሉን በልቶት የለም እንዴ።»

ሄዶ አየ። ከላይኛው መደርደሪያ፣ የመኪና ባትሪ አሲድ ያለበት ዕቃ ተሰንጥቆ ጠብ ጠብ ሲል ከርሟል። ከስሩ ያለው ሲሚንቶ ተቦርቡሮ ነጭ ዱቄት አውጥቷል። ደህና የቀረው መሃሉ ነው፤ ክብ ነው፤ የገመዱ ጥቅል የተቀመጠበት ቦታ ነው። ጠብታውን ሲጠጣ የከረመው ገመዱ ነበር።

«እዚህ የነበረው የት ሄደ?» አለች።

ነጠላ ጫማውን እንዳጠለቀ ወጣ። ከሮጠ ስንት ዘመኑ፤ ጉልበቱ እንዴት እንደሚሮጥ እስኪያስታውስ መንገዱ ተጋመሰ። ፀጉር አስተካካዩ ከደጁ ሆኖ «ጋሼ፣ የመቀስ መሳያ ይኖራል?» አለው። «አይጠፋም» አለ ሳይቆም። አፉ ነው ያለው፤ እሱ እዚያ አልነበረም።

ጓሮው ሲደርስ ዳቦ ጋጋሪዋና ወንድሟ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመዋል። ገመዱ በአግዳሚው ብረት ላይ ዞሮ ወደ ጨለማው ወርዷል።

«ገብቷል?»

«ገብቶ ጨርሶ! ምንጩን ከፈትኩት ይላል። ልናወጣው ነው» አለች።

ገመዱ ሁለቴ ተነቀነቀ። ወንድምየው መዳፉ ላይ እንትፍ ብሎ ያዘ።

«አትሳብ። አሲድ ነክቶታል።»

ወንድምየው ገመዱን ወደ ላይ ወደ ታች ቃኘው። ገመድ ይመስላል። «ወርዶበት የለ እንዴ ጋሼ? ያወረደ ያወጣል።»

«ሲወርድ ድንጋዩን በእግሩ እየረገጠ ነው። አሁን ድንጋዩ ረጥቧል፣ ሙሉ ክብደቱ በገመዱ ላይ ነው።»

«ውሃው ጉልበቴ ደረሰ» አለ ከታች የፍልፈል ድምፅ። «ተኛችሁ?»

ወንድምየው ሳበ። ገመዱ ተወጠረ፣ ቃጫው ሲጥ አለ። ሽማግሌው፣ ፍልፈል ከታች ከፍ ሳይል፣ ከኪሱ ሰንጢ አወጣና ቆረጠው።

ገመዱ እየተንሿሸሸ ወረደ። ዳቦ ጋጋሪዋ ዱቄት የነካውን እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ሰውዬው አብዷል» አለ ወንድምየው።

«አብጃለሁ። አንተ ባለመስታወቱ ሱቅ ሂድ፣ ወፍራም ናይሎን ግዛ። ሩጥ።» በገዛ አፉ ደንበኛ ወደዚያ ሱቅ ሲልክ የመጀመሪያው ነው።

ከዚያ ጉድጓዱ ዳር በደረቱ ተኛ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት? ገመዱ ራሴ ላይ ወደቀ።»

«ቆርጬው ነው።»

«ምን አደረግኩዎት?» አለ ፍልፈል፣ እንደ ልጅ።

«ሌላ እየመጣ ነው። ውሃው የት ደረሰ?»

«ወገቤ።»

ያኔ ሌላ ሐሳብ መጣበት፤ ከመጀመሪያው የከፋ። ገመዱ ጤነኛ ከሆነስ? አሲዱ አንድ ዙሩን ብቻ ልሶ ትቶት ከሆነስ? ያኔ ፍልፈልን የሚገድለው ሰንጢ የያዘው የእሱ እጅ ነው። በጣቱ የጉድጓዱን ጠርዝ ጨመቀ። የውሃው ድምፅ ይሰማዋል፤ እንደ ሰው ይውጣል።

«አውራኝ» አለው። «ገመዱን ዳስሰው።»

«ምኑን ልዳስሰው…» ውሃው ተንቦጫረቀ። «ጋሼ፣ በእጄ እየፈረሰ ነው። እንደ እርጥብ ገለባ ነው።» ቀጥሎ የተናገረው አልተሰማም፤ ጥርሱ ይንገጫገጫል።

ውሃው ደረቱ ላይ ሲደርስ ወንድምየው እያለከለከ መጣ። ናይሎኑን ጣሉለት፣ ከብብቱ ስር አሰረ፣ ሦስቱም ሳቡ። ሽማግሌው ከኋላ ነበር፤ ገመዱን ክንድ በክንድ ሲስብ ዓይኑን ይጨፍናል።

ፍልፈል ወጥቶ መሬት ላይ ተዘረጋ። አላመሰገነም፣ አልተሳደበም። ከንፈሩ ሰማያዊ ነው። «ከዚያ ጓዳ» አለ፣ «ሌላስ ለማን ሸጡ?»

ሽማግሌው ወደ ቤቱ የሚወስደውን መንገድ ያዘ። መንገዱ ግን የጠዋቱ አልነበረም። ያ መዝጊያ የተንጠለጠለው በእሱ ማጠፊያ ነው። የልብስ ሰፊዋ አምፖል የበራው በእሱ ሽቦ ነው፤ ሽቦው የት ተቀምጦ ነበር? የወፍጮ ቤቱ ጣራ የተመታው በእሱ ምስማር ነው፤ ስሩ ሕፃናት ተቀምጠው ይጫወታሉ። ዕድሜ ልኩን «አይጠፋም» እያለ የሸጠው ሁሉ ከሰው ራስ በላይ ተሰቅሎ ያየዋል።

ጥግ ላይ ቀለም ቀቢው መሰላል ላይ ቆሞ ያፏጫል። መሰላሉን ያውቀዋል፤ የሸጠው እሱ ነው። ቆመና በሁለት እጁ ጥብቅ አድርጎ ያዘው።

«ጋሼ፣ ምን ሆኑ?» አለ ቀቢው ከላይ።

«ምንም። ሥራህን ሥራ።»

«ገና ብዙ ይቀረኛል እኮ።»

«ይሁን» አለ ሽማግሌው፣ ሳይለቅ።