የጋሼ ገሠሠ ክኒን

«ጋሼ፣ ይህን መድኃኒት እንዲሁ አልሸጥልዎትም። ልብዎን ቢያስቸግርዎትስ?» አለች የፋርማሲዋ ባለሙያ ንጋቷ።

«ለልብ አይደል እንዴ የታዘዘው?» አሉ አቶ ገሠሠ።

ንጋቷ ሳቋን በጋዋኗ እጅጌ ሸፈነች። ከኋላ ወረፋ የያዙት ሁለት ጎረምሶች ግን መሸፈኛም አልፈለጉም።

«እሱማ ሁሉም ለልብ ነው የሚለው» አለ አንደኛው።

አቶ ገሠሠ ቴፒ ሠላሳ ዓመት የቡና መኪና ነድተው፣ ጡረታ ሲወጡ ሚዛን ተፈሪ የተቀመጡ ሰው ናቸው። ቀልድ ይገባቸዋል፤ ይህኛው ግን ጊዜ ወሰደባቸው። ያቺ ክኒን የሳንባ የደም ግፊት ላለባቸው ልጆች ትታዘዛለች። ከተማው የሚያውቃት ግን በሌላው ሥራዋ ነው፤ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ባሎች ግራ ቀኝ አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚጠይቋት ክኒን ናት።

ጥፋቱ የዝናቡም ነው። የጅማው ሐኪም ማዘዣው ላይ የታማሚዋን ስምና ዕድሜ አስተካክሎ ጽፎ ነበር። አቶ ገሠሠ ግን ወረቀት ሁሉ ባርኔጣቸው ውስጥ የመሸጎጥ የሹፌርነት ልማድ አላቸው፤ የሚዛን ዝናብ ደግሞ ባርኔጣ አይፈራም። ስሙም ዕድሜውም ታጥቦ፣ የቀረው የክኒኗ ስምና ማኅተሙ ብቻ ነበር።

«ለልጅ ልጄ ለረድኤት ነው» ቢሉ ነገሩ እዚያው ባለቀ። ሊሉም አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ከወረፋው መጨረሻ የዓይን ጠብታ ሊገዙ የመጡትን ጎረቤታቸውን ወይዘሮ በየነችን አዩ። የወይዘሮ በየነች የልጅ ልጅ ከረድኤት ጋር አንድ ክፍል ነው የሚማረው። ረድኤት ደግሞ አስምላቸዋለች። «አባባ፣ መታመሜን ለማንም እንዳትናገር። ገመድ መዝለሉንስ ሐኪሙ ከልክሎኛል፤ ልጆቹ ካወቁ ገመዱን እንኳ አያስይዙኝም።» እናቷ ርቃ ማጂ ወረዳ መምህርት ስለሆነች ልጅቷ የምታድገው እሳቸው ዘንድ ነው፤ ለሷ የማሉትን ማፍረስ አይሆንላቸውም።

አፋቸውን መልሰው ዘጉና «ይቅር» ብለው ወጡ።

ወይዘሮ በየነች ዝናቡን አይተው ተከተሏቸውና ጃንጥላቸውን ዘረጉላቸው። «ኑ፣ ይጠጉ እንጂ! ሙሽራ እንዴት ይበሰብሳል?»

ሁለቱ ባንድ ጃንጥላ ከፋርማሲ ሲወጡ አንድ ባለባጃጅ አየ። ባለባጃጅ ካየ ደግሞ ጋዜጣ አያስፈልግም። ከሰዓት በኋላ ወሬው ጎረቤት ወረዳ ሸዋ ቤንች ገብቶ ነበር።

አቶ ገሠሠ ቤታቸው ገብተው፣ ባለፈው ከጅማ ያመጡትን የክኒን ብልቃጥ መዳፋቸው ላይ ገለበጡት። አንዷን ክኒን በምላጭ ለአራት ነው የሚከፍሏት፤ ረድኤት በቀን ሦስቴ አንዳንድ ሩብ ትውጣለች። የቀረው አራት ሩብ፣ ከነገ የማያልፍ ነው። «አንድ ቀን እንኳ እንዳይቋረጥ» ብሏቸዋል ሐኪሙ። ሹፌር መሆናቸውን ሲሰማ በመኪና ቋንቋ ነበር ያስረዳቸው። «ልቧ ላይ ቀዳዳ አለ። በዚያ የተነሳ ከልቧ ወደ ሳንባዋ የሚሄደው መንገድ ጠቧል፤ ልቧ ሙሉ ጭነት ይዞ ጭቃ ዳገት የሚወጣ መኪና በሉት። ክኒኗ መንገዱን ታሰፋለች። በስድስተኛው ወር በመሣሪያ እናየዋለን፤ ግፊቱ ከወረደ ቀዳዳው ይደፈናል። ካልወረደ ግን መድፈኑም ላይቻል ይችላል።»

አቶ ገሠሠ ዳገት ላይ የቀረ መኪና ብዙ አይተዋል። ለስድስተኛው ወር ሦስት ሳምንት ነበር የቀረው።

በማግስቱ ጠዋት ረድኤት ከደጅ ገባች።

«አባባ፣ እማማ በየነችን ልታገባ ነው?»

«ማነው ያለሽ?»

«ሁሉም። ክኒንም ገዝተሃል አሉ።»

«መች ሸጡልኝ!» አሉ ሳያስቡት።

ረድኤት ብልቃጡን አየች፤ እሳቸውን አየች። ሰባት ዓመቷ ቢሆንም መደመር ታውቃለች።

«የኔ ነው ብለህ ለምን አልነገርካቸውም?»

«ምዬልሻለሁ እኮ፣ የኔ እናት።»

ረድኤት ጫማዋን ማጥለቅ ጀመረች።

ፋርማሲው እንደ ትናንቱ በሰው ተሞልቷል። ረድኤት በእግር ጣቶቿ ቆማ አገጯን ባንኮኒው ላይ አሳረፈችና ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«የምውጠው እኔ ነኝ። ወደ ሳንባዬ የሚሄደው መንገድ ጠቦ ልቤ ዳገት ላይ ነው። አባባ ሊያገባ አይደለም፤ ካልሲውን እንኳ እኔ ነኝ የምፈልግለት።»

ንጋቷ ማኅተሙ ላይ ባለው ስልክ ደውላ ሐኪሙን አናገረች፤ ክኒኑን ቆጥራ ስትሰጥ ጆሮዋ ድረስ ቀልታ ነበር።

«ጋሼ፣ በጣም ይቅርታ።»

«ኧረ አመሰግናለሁ ልጄ! በስድሳ ስምንት ዓመቴ እንዲህ አድርጎ የጠረጠረኝ ሰው የለም።»

ገመዱንም ማንም አልቀማት። ጭራሽ ልጆቹ የዝላይ ቆጣሪ አደረጓት፤ ለወዳጆቿ ሁለት ሦስት ስትጨምር እንኳ ደፍሮ የሚናገራት ጠፋ። የትልልቆቹ ወሬ ግን አልበረደም። «እሺ፣ ክኒኑስ የልጅቷ ይሁን። ጃንጥላውስ?» ይባል ጀመር።

ቀኑ ደርሶ ጅማ ሄዱ። ሐኪሙ መሣሪያውን ደረቷ ላይ ሲያንሸራትት አቶ ገሠሠ ባርኔጣቸውን እንደ እርጥብ ልብስ ይጨምቁ ነበር።

«ግፊቱ ወርዷል» አለ ሐኪሙ በመጨረሻ። «የቀኙ የልቧ ክፍል ተለጥጦ ነበር፤ አሁን ሰብሰብ ብሏል። አገፋፉም በርትቷል።»

«ዳገቱን ጨረሰ ማለት ነው?»

«ገና ነው። ግን ማርሽ ቀይሯል። ቀዳዳውን እንዲደፍኑላት አዲስ አበባ እንልካታለን። ተራዋ እስኪደርስ ክኒኑ ይቀጥላል።»

አቶ ገሠሠ ሐኪሙን ሊስሙት ተነሥተው ከአልጋው ጠርዝ ጋር ተጋጩ። ረድኤት እስከ ሚዛን ድረስ ስትስቅባቸው መጣች።

በነጋታው ማለዳ አቶ ገሠሠ ወደ ወይዘሮ በየነች ግቢ አለፉ። ወይዘሮ በየነች ሰሌን ላይ ያሰጡትን ኮሮሪማ ይለቅሙ ነበር። አቶ ገሠሠ የምሥራቹን ነገሯቸው፤ ወይዘሮ በየነች እልል አሉ። ከዚያ አቶ ገሠሠ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ብቻ ወይዘሮ በየነች፣ ክኒኑ ገና ወራት ይቀጥላል ተብሏል። ወሬውም አብሮ መቀጠሉ ነው። ባንድ ጃንጥላ የተነሳ ስምዎ በከንቱ ተነሣ፤ ይቅር ይበሉኝ።»

ወይዘሮ በየነች ዓይናቸውን ከኮሮሪማው አላነሡም።

«እኔንስ ያናደደኝ በከንቱ መሆኑ ነው» አሉ።