የካርቶኑ ዘፋኝ ኮት

"መቀሱን አስቀምጪው።"

የሥዕል አስተማሪዋ የሟች ባሏን ግራጫ ኮት እጅጌ እንደያዘች ቀረች። አማቷ በሩ ላይ ቆመዋል። ከልጃቸው ቀብር ወዲህ ኮቱን ከተሰቀለበት ማንም ንክች እንዳያደርገው የከለከሉት እሳቸው ናቸው።

"እማማ፣ ትንሽ ቁራጭ ብቻ ነው የምፈልገው።"

"ጨርቅ ጠፍቶ ነው?"

ጨርቅስ ሞልቷል። ጠረጴዛው ላይ የሌለ ነገር የለም፤ ከመጽሔት የተቀደደ ሰማይ፣ በእርሳስ የተሣለ መንገድ፣ የራሳቸው ቤት ደረጃና በር ፎቶግራፍ፣ መሐል ላይ ደግሞ መዳፍ የሚያክል የካርቶን ዘፋኝ። ባሏ ነፍሱን ይሰጥለት የነበረ ዘፋኝ ነው። ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ የሱን ዘፈን ያንጎራጉር ነበር፤ ዜማውን ግን አንድ ቀን እንኳን አግኝቶት አያውቅም። "ሰውየው ቢሰማህ ይከስህ ነበር" ትለው ነበር። አሁን ያ የተበላሸ ዜማ ናፍቋት፣ ዘፋኙን ቤታቸው ድረስ የሚያመጣ አኒሜሽን እየሠራች ነው። ካርቶኑን ትንሽ ታንቀሳቅሳለች፣ በስልኳ ፎቶ ታነሳለች፣ እንደገና ታንቀሳቅሳለች። የመጨረሻው ትዕይንት ግን አልሆን ብሏታል።

"እስኪ አሳዪኝ" አሉ አማቷ፣ ተቀምጠው ለመቆጣት ወንበር እየሳቡ።

ስልኩን አቀበለቻቸው። ዘፋኙ ቀኝ ትከሻውን ዘንበል አድርጎ፣ ደረጃውን አንድ አንድ እየዘለለ ወጣ።

አሮጊቷ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። "ይሄ የማነው አረማመድ?"

"የዘፋኙ..." ብላ ጀመረች። ለካስ ሳታውቀው የባሏን አረማመድ ነው የሰጠችው። እንባዋ መጣ፤ አልከለከለችውም።

"መጨረሻውስ?"

"ዘፈኑ ሲያልቅ በሩን ከፍቶ ይወጣል። እሱን ማንሳት አቃተኝ። በሩ ጋ ሳደርሰው እጄ እምቢ ይለኛል።"

"በሸሚዝ ነው የሚወጣው?"

"ኮቱንም የፈለግሁት ለዚህ ነው።"

አማቷ ኮቱን ከምራታቸው እጅ ወሰዱ።

"ያን ዕለት አምቡላንሱ ሲወስደው በሸሚዝ ነበር" አሉ። "ያ ሁሉ ብርድ። ኮቱን ይዤ ስወጣ መኪናው ሄዷል። መልሼ ሰቀልኩት። ሰው ሲነካው፣ አሁንም የሚበርደው ይመስለኛል።"

ይህን ለማንም ነግረው አያውቁም። ምራታቸው እጃቸውን ያዘች። አሮጊቷ ቀስ ብለው እጃቸውን አስለቀቁ፤ ኮቱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በጣታቸው ፈተሹት።

"ከጀርባው ቁረጪ። እዚህ ጋ ይወፍራል" አሉ። "ኮሌታውንም እንዳትረሺ፣ አንገቱን ነው የሚበርደው።"

መቀሱ ወፍራሙን ጨርቅ በግድ ቆረጠው። ኮቱን ለካርቶኑ ሰው ለክታ አጣበቀችለት፤ ኮሌታውን ወደ ላይ አቆመችው። ከዚያ ስልኩን መልሳ አማቷ እጅ ላይ አስቀመጠች።

"ስነግርዎት ፎቶ ማንሻውን ይጫኑት።"

የወረቀቱን በር በጥፍሯ ትንሽ ከፈተች።

"አሁን" አለች።