የተረፉት አሥራ አራት መስመሮች

ኮሶዬ ውስጥ እታገኘሁ የማታውቀው ጉድ የለም። ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የማን ልጅ የማንን አፍንጫ ይዞ እንደተወለደ፣ ሁሉ አፏ ላይ ነው። አንድ ነገር ብቻ አይወጣትም፤ ዕድሜዋ። ስትጠየቅ «ስልሳ ዘጠኝ» ትላለች። ሰባ ማለት ያስፈራታል፤ ስልሳ ዘጠኝ ግን ለጆሮም ሸጋ ነው። ገባችበት፣ ደላት፣ አልወጣም አለች። ጎረቤቷ ታየች ከኋላ መጥታ ሰባ ስትሞላ እንኳ እታገኘሁ ቆማ አሳለፈቻትና ከዚያ ወዲህ «እትዬ ታየች» ትላታለች። ታየች በሰማች ቁጥር ጥርሷን ትነክሳለች። ግን ምን ትበል፤ የታየችም ጉድ ያለው እታገኘሁ ዘንድ ነው።

በጥር ፈህሚያ የምትባል ልጅ ከጎንደር በማኪና መጣች። የነጋዴ ዘር ናት፤ አያቷ ቅዳሜ ገበያ ጨርቅ ይሸጡ ነበር። እሷ ሱቁን ትታ ዛፍ ትመረምራለች። አስፈቅዳ ቤተክርስቲያን ግቢ ካሉት ጥዶች ውስጥ በእጅ የሚዞር መሰርሰሪያ ታስገባና እንደ እርሳስ የቀጠነ እንጨት ትመዛለች። እንጨቱ ላይ ያለውን መስመር ቆጥራ፣ ስፋቱን ለክታ፣ የድሮውን ዝናብና ድርቅ ታውቃለች። እታገኘሁ መጀመሪያ «ወርቅ ፍለጋ ነው» ብላ አስወራች። በነጋታው ሁለት ሰዎች አካፋ ይዘው ሲመጡ ግን አፈረችና ራሷ ሄዳ ጠየቀች።

«ልጄ፣ ምንድን ነው የምትፈልጊው?»

«የተተከለበት ዓመት የሚታወቅ ጥድ፣ እማማ። ጥድ በየዓመቱ አንድ መስመር ያወጣል ብዬ ነው አራት ዓመት የለፋሁት። ዓመቱ የታወቀ አንድ ዛፍ ካገኘሁ እውነት መሆኑን አያለሁ።»

«የኔ አለልሽ። አባቴ በክርስትናዬ ቀን ጓሮ የተከለልኝ።»

«ስንት ዓመትዎ ነው?»

አፏ ለምዷል። «ስልሳ ዘጠኝ።»

ፈህሚያ ከዛፉ ሥር ተንበርክካ ሰረሰረች፣ መዘዘች፣ አመስግና ሄደች። እታገኘሁ ያን ሰሞን ማኅበሩ ላይ ከዛፏ ሌላ ወሬ አላወራችም።

በሦስተኛው ሳምንት ልጅቷ ተመለሰች። ፊቷ የበሽተኛ ፊት ሆኗል። ጓሮ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች።

«እማማ፣ ሰማንያ ሁለት መስመር ቆጠርሁ። አራት ጊዜ ነው የቆጠርሁት። የመጀመሪያው ዓመት እድገት መሰርሰሪያው ከገባበት በታች ስለሚቀር ስልሳ ስምንት መሆን ነበረበት። አሥራ አራት ተረፈኝ።»

«ሲተርፍ ምናለበት? ከሚጎድል ይሻላል።»

«አይሻልም። በልግ የዘነበ ጊዜ በዓመት ሁለት ሁለት እያወጣ ከሆነ የቆጠርሁት ሁሉ ውሸት ነው። ድርቅ ነበር ያልሁት ዓመት ጥጋብ ሊሆን ነው። የፊታችን ሳምንት ጥናቴን አስረክባለሁ፤ አልተሳካም ብዬ ልጽፍ ነው።»

እታገኘሁ ስልሳ ዘጠኝ ላይ የቆመችበትን ዘመን በጣቷ ቆጠረች። አሥራ አራት። ለካ እሷ ስትቆም ዛፉ አልቆመላትም።

«ምናልባት ዓይንሽ ደክሞ ይሆናል» አለች።

«ወይም ዛፉ ድሮም የነበረ ነው» አለች ፈህሚያ ቃል እየመረጠች። «አባትዎ ልጃቸውን ለማስደሰት ተከልሁልሽ ብለው ይሆናል። የእርስዎንማ ዕድሜ አልጠረጥርም፤ እኛ ቤት ትልቅ ሰው ዋሸ አይባልም።»

ብትሰድባት ይሻል ነበር። አባቷ ፋሲካ በመጣ ቁጥር ከዛፉ ጋር እያስተያዩ ቁመቷን ይለኩ ነበር፤ ዛፉ ሲበልጣት ስታለቅስ እንጎቻ ያስይዟታል።

«አባቴ ውሸታም አልነበረም» አለች። «በዚህ ቤት ውሸታሟ እኔ ነኝ። ጣሊያን ከጎንደር በለቀቀበት ዓመት ነው የተወለድሁ። ሰማንያ ሦስቴ ነው። በይ ጻፊና ሂጂ፤ ድምፅሽንም ዝቅ አድርጊ።»

ፈህሚያ ሳቋን ዋጠች፤ እስክሪብቶዋን ግን አላነሳችም። «እማማ፣ ያኔ ስልሳ ዘጠኝ፣ አሁን ሰማንያ ሦስት ስንል ከመስመሩ እንዲገጥም ያስተካከልነው ይመስላል። ምስክር ያስፈልገኛል።»

እታገኘሁ «የሚያውቁት ሁሉ ሞተዋል» ልትል አፏን ከፈተች። አጥር ማዶ ታየች ነጭ ሽንኩርት ትኮተኩታለች። የከፈተችው አፏ ተዘጋ። አጥሩ ዘንድ እስክትደርስ ሰማንያ አራት የሞላት መሰላት።

«እት…» ብላ ጀመረችና ዋጠችው። «ታየች።»

ታየች መኮትኮቻዋ እጇ ላይ ቀረ።

«የተወለድሽበት ዓመት የአባትሽ ዳዊት ላይ ተጽፏል አይደል?»

«አርባ አንድ ይላል። ምነው?»

«አንቺ ስትወለጂ እኔ ስንት ዓመቴ እንደነበር ለዚህች ልጅ ንገሪያት።»

ታየች ፈህሚያን አየች፣ እታገኘሁን አየች። አልቸኮለችም፤ እንዲህ ያለ ቀን በየዓመቱ አይመጣም።

«እናቴ እንደነገረችኝ ነው እንግዲህ። ሰባት ዓመቷ ነበር አሉ። አራስ ቤት እያለሁ አዝላኝ ስትሮጥ ጥዱ ሥር ጣለችኝ።» ሻሿን ገፋ አድርጋ ግንባሯ ላይ ያለውን ጠባሳ አሳየች። «ጻፊው ልጄ። እኔ ግን የጣለችኝ ሴት እትዬ ስትለኝ ስድስት ዓመት ችያታለሁ።»

«ስሜ እታገኘሁ ነው» አለች እታገኘሁ። «እት ካላገኘሁ ምን ላድርግ?»

ፈህሚያ ከአርባ አንድ ሰባት ቀነሰች፣ ሠላሳ አራት ላይ አሰመረችበት። ወረቀቷን ደጋግማ አየችና ዓይኗ እንባ አቀረረ። አንድ መስመር አንድ ዓመት ነው። አራት ዓመት የለፋችበት ተረፈ።

«ያች ከመሰርሰሪያው በታች የቀረችው አንዷ ዓመት ከእኔስ ላይ አትቀነስም?» አለች እታገኘሁ።

«እሷ የዛፉ ናት፣ እማማ።»

ይህን ሲባባሉ ታየች መኮትኮቻዋን ጥላ ነጠላዋን አጣፍታለች።

«ወዴት ነሽ?»

«ታች ሰፈር፣ አያ ነጋ ቤት። ሰማንያ ሦስት መሆንሽን ሳልነግራቸው ቁርሴ አይወርድልኝም።»

እታገኘሁ ደነገጠች። ታየች ወሬ አታውቅም፤ ከጫፉ ትጀምራለች፣ መሀሉን ትረሳለች፣ ያን የመሰለ ታሪክ ገድላው ልትመጣ ነው። «ቆይ፣ አንቺ ታበላሺዋለሽ» ብላ ምርኩዟን አንስታ በአቋራጩ ወረደች፤ ቀድማም ደረሰች። ልጅቷን፣ መስመሩን፣ ጠባሳውን፣ የራሷን ድንጋጤ ሁሉ በየተራው አወራች። አያ ነጋ ሳቃቸው አልቆም ሲል ደስ አላትና ትንሽ ጨመረችበት። ወሬው ጎረቤት ከተማ አምባ ጊዮርጊስ ሲደርስ ዘጠና ሁለት ዓመቷ ነበር።